ልደታ ለት ያልበራው ኮምፒውተር

ስልኩ ሲጮኽ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ከቅጥሩ ጥግ ጥላ ባለበት ግንብ ሥር ቆሜ ጫማዬን እያደረግሁ ነበር። በሰመራ በግንቦት ወር ጥላ ከተገኘ ቶሎ አይለቀቅም። የታናሽ እኅቴን ስም ሳይ ደስ አለኝ፤ ቅዳሴው ላይ ቆሜም ልቤ ከእነርሱ ቤት ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰላም እንኳ ሳልላት «እህ፣ ተከፈተ?» አልኳት።

ከኋላዋ የልደታ ንፍሮ የሚዘግኑ ጎረቤቶች ሲያወሩ፣ የቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ ሲያንኳኳው ይሰማኛል። ከዚያ ሰው እንዳይሰማት ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እታለም፣ አልበራም» አለችኝ።

ምን አገኘው ብላት ምንም አለች። ቁልፉ ተጫነ፣ ምንም አልሆነም፤ ድምፅ የለው፣ መብራት የለው፣ ፋኑ አይዞር። ሰዎቹ ገና እንዳልሄዱና ማታ እንደምትደውል ነግራኝ ዘጋችው። እኔ ጫማዬን አንድ እግር አድርጌ አንዱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሲወጡ የነበሩ እናቶች «ደኅና ነሽ ወይ ልጄ?» አሉኝ፤ ደኅና ነኝ አልኳቸው። ኮምፒውተር አልበራ አለን ብሎ ለማን ይነገራል።

ነገሩ ለኛ ቤት ትልቅ የሆነበትን ምክንያት ልናገር። እኔ ከድጓ ማስመስከሪያው አገር ከቤተ ልሔም ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ተወልጄ፣ ንፋስ መውጫ ተምሬ፣ ሰመራ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የምጠግን ሠራተኛ ነኝ። አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ንፋስ መውጫ ከታናሽ እኅቴ ጋር ትኖራለች። እኅቴ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ ሥራ ስታጣ ቆየች፤ ቆይታ ቆይታ ፓስፖርት አወጣች። አንድ ደላላ ለሰኔ ሚካኤል ወደ ዐረብ አገር ከሚሸኛቸው ሴቶች ጋር ሊወስዳት ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከሰፈራችን እንዲሁ ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ የቆየ ልጅ አለች፤ እናትየው እስካሁን በስልክ ድምፅ ትደነግጣለች። ስለዚህ ለመንኳት፤ የጽሕፈት ቤት ልክፈትልሽ፣ ማመልከቻና የተማሪ ፈተና እየጻፍሽ ከእማ ጋር ተቀመጪ አልኳት። አሰበችና «ከሠራ እቀራለሁ፤ ካልሠራ ግን አትያዢኝ» አለች። ያ ሣጥን ካልበራ እኅቴ ትሄዳለች፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ያለቀለት ኮምፒውተር ገዝቼ መላክ አቅሜ አልነበረም። ዕቃውን አንድ በአንድ እያገኘሁ፣ ወደ አገር በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ የሚባለው፣ በአንዲት ነርስ ሻንጣ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ሄደ። ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም መብራቱን ከግድግዳ ተቀብሎ ለሌላው ሁሉ የሚያከፋፍለውን ከባድ ሣጥን፣ የወሰደልኝ አንድ የስማዳ ሰው ነው፤ በወልድያ በኩል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር። ሁሉንም ከመላኬ በፊት መሥሪያ ቤት ውስጥ በሌላ ማሽን ላይ እየገጠምሁ ሞክሬዋለሁ። ጠንቃቃ ነኝ፤ ሰዎች ቢቀልዱብኝም በዚህ አላፍርም። እኅቴ ደግሞ እኔ በስልክ እየነገርኋት በእጇ ገጣጠመችው። የበግ ፀጉር ባናዋን ለብሳ እንዳትነካው፣ የሰውነቷ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው መጀመሪያ ብረት እንድትነካ፣ ብሎኑን ከመጠን በላይ እንዳታጠብቀው ነግሬያታለሁ። ቤቱ የሚከፈተው በልደታ እንዲሆን የመረጠችው እናቴ ናት። የነፍስ አባታችን መጥተው እንዲባርኩት፣ ጎረቤትም ንፍሮውን እዚያው እንዲቀምስ ተባለ።

በዚያ ሰሞን በአገራችን ዳታ ስላልነበረ ፎቶ መላክ አይቻልም። መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፤ ፈቃድ ጠይቄ ልምጣ ብል እናቴ በማርያም ስም ከለከለችኝ። ስለዚህ ዐይኔም እጄም ያው የእኅቴ ድምፅ ነበር። ከሥራ ስወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና እንጀምራለን።

መጀመሪያ ሶኬቱን ጠረጠርሁ። አምፖል ሰክታ ሞከረችው፤ በራ። በፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ተዘግታ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ክፍት ናት። ሰፊው ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ እስኪቆረቆር መግባቱን፣ ባለ አራት ቀዳዳዋም ከሲፒዩው አጠገብ መሰካቷን ነቅላ መልሳ አረጋገጠች። ከመጫኛው ቁልፍ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ተሳስተው ይሆናል ብዬ ሽቦዎቹ የሚሰኩባቸውን ሁለቱን መርፌዎች በመፍቻ ጫፍ እንድታገናኛቸው ነገርኋት። ምንም። ራሙን አውጥታ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቅላ፣ ያለ ምንም ነገር ሞከረች። ምንም።

እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማናለች። አንድ ቀን «ለምን ስልኩን ለሣጥኑ አትሰጪውም? ራሷ ትምከረው» አለቻት። ሳቅን። ሌላ ቀን ያ ደላላ በደጅ ሲያልፍ ሣጥኑ ተከፋፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየና «ይኼ ነው የሚያስቀርሽ? ዝም ያለ ቁም ሣጥን?» ብሎ ሄደ። ይህንን የነገረችኝ እኅቴ ናት፤ ሳቅ ብላ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን በሳቋ ውስጥ መሄጃዋን የምታሰላ መሰለኝ። ያን ዕለት ውዳሴ ማርያም ስደግም የቱ ጋ እንደደረስሁ ጠፍቶኝ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

እዚህ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖር። ሥራ ቦታ ሰው አለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰው አለኝ፤ በር ስዘጋ ግን ከቬንቲሌተሩ ድምፅ ሌላ የለም። በዚያ ሰሞን ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሲደርስ ቤቴ የነርሱን ቤት ይመስል ነበር። ዶሮዎቹ ሲገቡ፣ እናቴ ውኃ ስትቀዳ፣ ነፋሱ በር ሲያንኳኳ እሰማለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ የዚያን ያህል ተደዋውለን አናውቅም።

በመጨረሻ የቀረኝ አንድ ፍተሻ ነበር። ፓወር ሰፕላዩን ከሁሉም ነጥላ፣ በሰፊው ገመድ ላይ አረንጓዴውን ሽቦና ጥቁሩን በቀጭን ሽቦ ብታገናኛቸው የራሱ ፋን መዞር አለበት። ከዞረ እሱ ደኅና ነው፤ ካልዞረ ሞቷል። ይህን ስነግራት እኅቴ አመነታች። እፈራለሁ አለች። ሶኬቱን ነቅለሽ ነው የምታገናኚው፣ ከዚያ ትሰኪዋለሽ፣ እኔ አለሁ እያልሁ አበረታታኋት። አደረገችው። ፋኑ አልዞረም።

እንግዲህ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ግራ ገባኝ። ያ ዕቃ አዲስ ነው። በገዛ እጄ ሰመራ ላይ አብርቼው፣ ፋኑ ሲዞር አይቼ ነው ያሸግሁት። እዚህ የሠራ ነገር ንፋስ መውጫ ሲደርስ እንዴት ይሞታል? መሃል ላይ ያለው ያ ሹፌር ብቻ ነው። ካርቶኑን ስሰጠው ከኋላ ከጆንያዎች መሃል ሲወረውረው ትዝ አለኝ። ወርውሮትም ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ወረወረው ብዬ ነው ያሰብሁት። ጥሎታል፣ ወይም ዝናብ አስመትቶታል፣ ወይም ለውጦብኛል አልሁ። ለእናቴ «ነገ ደውዬ እጠይቀዋለሁ፤ ዕቃ አምኖ የሰጠን ሰው እንዲህ አይደረግም» አልኳት።

እናቴ «ተይው ልጄ፤ ሰው አትክሰሺ» አለችኝ።

«ታዲያ ማን አበላሸው እማ?»

«እግዜር ያውቃል» አለችና ራት እንዳይርብኝ፣ እንቅልፍም እንዳላጣ ነግራኝ ዘጋችው። እናቴ የጠየቅኋትን ትታ ስለ ራቴ ስትናገር መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ ለሹፌሩ ልደውል ስልኬን ሳወጣ ቀድሞኝ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳነሣው የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ከሰው ስልክ ለምነው ነው የደወሉት። ድምፃቸውን ስሰማ እናቴ ምን ሆነች ብዬ ደነገጥሁ። «ይፍቱኝ አባ» አልሁ እንደ ልማዴ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። እናትሽ ደኅና ናት፤ አትደንግጪ። ያን ሰውዬ ደውለሽለታል?»

አልደወልኩም አልኳቸው።

«እንኳን አልደወልሽ። እሱ ምንም አላደረገ። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ። ልደታ ለት የሣጥኑ ጎን አልተገጠመም ነበር፤ እናቴ ሰዉ ሁሉ የልጆቿን ሥራ ውስጡን እንዲያይ ፈልጋ ክፍት ይሁን አለች። እሳቸው ጸሎታቸውን አድርሰው ጸበል ረጩ። ቤቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ሰዉን ረጭተው፣ ሣጥኑ ጋ ሲደርሱ ለእኅቴ እንጀራ መሆኑን አስበው እጃቸውን ሞልተው ወደ ውስጡ ረጩት። እልል ተባለ። እኅቴ ወዲያው ቁልፉን ተጫነች። ጧ አለ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ከዚያ ዝም። እኅቴ ልንገራት ስትል እናቴ ከለከለቻት። የአባን ስም በዚህ ታነሺያለሽ፣ እሷም ጸበል አበላሸው ብላ እምነቷ ይናወጣል፣ ሩቅ አገር ብቻዋን ያለች ልጅ ታዝናለች ብላ። ጎረቤቶቹም እንዲሁ አሉ። ዝም ተባለ።

«እኔም አብሬ ዝም አልሁ» አሉኝ። «ትናንት ግን እናትሽ እያለቀሰች መጣች። የሰው ስም በከንቱ ሊነሣ ነው አለችኝ። ዝምታዬ ከዚህ ከደረሰማ ምን ቄስ ነኝ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ኃጢአቴን የምነግራቸው አባት ይቅር በይኝ ሲሉኝ መንገድ ዳር ቆሜ ነው። ጸበሉ አበላሸው ልል ስል አፌ እምቢ አለ፤ ጸበሉ አላበላሸውም ልል ስል ሙያዬ እምቢ አለ። እሳቸው የገባቸው መሰለኝ። «ጸበሉ በረከት ነው» አሉ፤ «መጠኑን ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ብራና ስባርክ ከሩቅ ነው ነጠብ የማደርግ፤ ቀለም እንደሚለቅ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ይኼ ግን ብረት መሰለኝ።»

ሳላስበው ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለን፣ እስኪ ምን ይደረግ አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው ያዘንሁት። ስለ ማሽኑ አልነበረም። አባታችን የታመመ ጊዜ ስደውል ተኝቷል ይሉኝ ነበር። ሁልጊዜ ተኝቷል። በኋላ እዚህ ያሉ ያገሬ ሰዎች በማለዳ ተሰብስበው መጥተው መርዶውን ሲነግሩኝ ቀብሩም ሠልስቱም አልፎ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። እኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ብቻውን ምን ይሆናል፣ ማን ያጽናናዋል ተብሎ ይታዘንለታል። ኮምፒውተሩ ባይበላሽ እኔም ይህን ያህል አላስተውለውም ነበር። ያልተነገረኝን ነገር ፍለጋ ያን ሁሉ ቀን ሽቦ ሳስነቅል ከረምሁ፤ ጧ ማለቱን ብሰማ ግን በመጀመሪያው ቀን አውቀው ነበር።

ለሹፌሩ ደወልሁለት፤ ለሰላምታ ብቻ። ምን ላድርስልሽ፣ ዛሬ ሌሊት ወደ አገር ልነሣ ነው አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ከሥሩ እርጥበት ቀርቶ እንደሆነ ብለን ማዘርቦርዱ እንዲደርቅ አደረግን። እሳት ዳር እንዳያስጠጉት፣ ፀሐይ ላይ ንጹሕ ነገር ላይ እንዲያሰጡት ነገርሁ። እናቴ ሰፌድ ላይ አድርጋ እንደ ገብስ አሰጣችውና ዶሮ እንዳይጭረው በአርጩሜ ስትጠብቅ ዋለች። መንገደኛ ምን እያሰጣሽ ነው ሲላት «የልጄን አዝመራ» ትላለች አሉ። ልደታ ለት ሣጥኑን የጠረገችበትን ጨርቅም ሰው በሚረግጥበት አልጨመቀችውም፤ ጸበል ነው ብላ ከዛፍ ሥር ነው ያፈሰሰችው። ማዘርቦርዱ ይትረፍ አይትረፍ እንደማላውቅ አልደበቅኋቸውም። ማዘርቦርዱ ራሱ ተቃጥሎ ከሆነ ሌላ እስክልክ ሰኔ ሚካኤል ያልፋል።

ሹፌሩ ያንኑ ሌሊት ተነሥቷል፤ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ሌላ መንገደኛ እስካገኝ ጊዜ የለም። አባ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ የጽሕፈት ቤት የከፈተ ተማሪያቸው እንዳለ አስታወሱና ራሳቸው ሊሄዱ ተነሡ። ምን ብለው እንደሚጠይቁ በስልክ አስጠናኋቸው። የዕቃውን ስም፣ ሰፊው ገመድ ምን እንደሚመስል፣ ባለ አራት ቀዳዳዋ እንዳትቀር ነገርኋቸው፤ እሳቸውም እንደ ቃል ትምህርት ዜማ አውጥተው እስኪይዙት ደጋገሙልኝ። በደብረ ታቦር በኩል ዞረው ሄደው፣ መንገድ ተዘግቶባቸው እዚያው አድረው፣ ከተጣለ አሮጌ ማሽን የተፈታ ፓወር ሰፕላይ በጋቢያቸው ታቅፈው መጡ። ተማሪያቸው አልሸጠላቸውም፤ እጃቸውን ስሞ ሰጣቸው።

የመጣው ዕቃ በሽቦው ተፈተነ፤ ፋኑ ዞረ። ሁሉም ተገጠመ፤ የሣጥኑ ጎንም ተዘጋ። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እናቴ አለች፣ አባ አሉ፣ ከጎን ቤት ያሉት ሴትዮ አሉ። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

እኅቴ «እታለም፣ ልጫነው?» አለች።

«በስመ አብ በይና ተጫኚው» አልሁ።

በስመ አብ ስትል ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ደወልሁ፤ አይገባም። ደግሜ ደወልሁ፤ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። የጎረቤቷን ሞከርሁ፣ አባ የደወሉበትን የሰው ስልክ ሞከርሁ፤ ያገሩ ኔትወርክ በሙሉ ሄዷል። ተነሥቼ ክፍሌን ጠረግሁ፤ ንጹሕ ነበረች። ጸሎት ጀመርሁ፣ አቋረጥሁ፣ ጀመርሁ። በማግስቱም የለም። ሥራ ቦታ የሰው ኮምፒውተር ከፍቼ ቁልፉን በተጫንሁ ቁጥር፣ እስኪበራ ያለችው ያቺ ትንሽ ዝምታ አላልፍ እያለች አስቸገረችኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ምን ሆነሻል አለኝ፤ ምንም አልሁት።

ኔትወርኩ ሲመለስ ከእኅቴ መልእክት ገባ። አንድ ቃል ነው፤ «በራ»።

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ እኅቴ አልሄደችም። ደላላው እስከ ክረምት ነው ብሎ ስቆባት ነበር፤ ክረምቱም አለፈ። ማመልከቻ፣ የፈተና ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ ትጽፋለች። ገበያ ቀን ሰው ወረፋ ይይዝባታል። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ትጠይቃለች ይባላል።

ስልካችንም እንደ ድሮው ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኅቴ ሥራ ይበዛባታል፤ «ሰው አለብኝ እታለም፣ መልሼ ልደውል» ትለኛለች፤ አንዳንዴ ትደውላለች፣ አንዳንዴ ይረሳታል። ለዚህ ነው የለፋሁት፤ አልከፋም ማለት ግን ውሸት ይሆንብኛል። ልጽፈው ያሰብሁትም መስመሩ ስለተቋረጠባት ስለዚያች ቀን ነው። ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። እኅቴ «በራ፣ ደስ አለን» ትላለች። እናቴ «ማርያም አበራችው፣ አለቀ» ትላለች። አባ «ተመስገን ነው ልጄ» ብለው ስለ ጾሜ ይጠይቁኛል። ጎረቤቷን ግን ባገኛቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር፤ በስልክ ማውራት አይወዱም።

እናንተ በዚያች ክፍል የነበራችሁ፣ ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ከተገኘ ተቀምጣችሁ ንገሩኝ። እኅቴ ስትጫነው ወደ ማን ታይ እንደነበር፣ ፋኑ እስኪዞር ማን ምን እንዳለ፣ እናቴ ቆማ ይሁን ተቀምጣ፣ መጀመሪያ አልነሣም ብሎ እንደነበርና እንደገና ተሞክሮ እንደሆነ። መስመሩ መቋረጡን መቼ እንዳወቃችሁ፣ እኔ የሰማሁ መስሏችሁ ለስልኩ የተናገራችሁት ነገር ካለ እሱንም። እያሳጠራችሁ አትንገሩኝ፤ ጊዜ አለኝ። ያስለቀሳችሁም ነገር ካለ፣ ሩቅ ናት ብላችሁ አትዝለሉብኝ።